በማንኩሳ ገበያ ያመለጠኝ ቃል

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገራችንን በያዘ በሁለተኛው ክረምት ነው። ያኔ ጎጆ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ዛሬ የመነኮስኩ አሮጊት ነኝ። ለንስሐ አባቴ ከተናዘዝኩት ብዙ ዘመን አልፏል። ለሰው ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥር በወንዛችን ሙዚየም በዓል ላይ ያደረግሁት ነገር እህል አላስቀምስ ስላለኝ፣ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል ይኸው እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ብር ወንዝ ዳር ነበር። ድልድይ አልነበረም። ወንዙ ሲሞላ ሰው የሚያሻግሩት አያ ተገኘ የሚባሉ ጎረቤታችን ናቸው። የፍየል አቁማዳ በትንፋሻቸው ነፍተው አፉን በጠፍር ያስሩታል፤ ተሻጋሪው እሱን አቅፎ ይተኛበታል፤ እሳቸው ከጎኑ እየዋኙ ይገፉታል። አርበኞችንም እንደሚያሻግሩ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የሚያወራው ግን አልነበረም።

ነሐሴ ላይ እናቴ ማዶ ሞተች። ከወዲያ እየተጣሩ አረዱኝ። እየሮጥኩ አያ ተገኘ ዘንድ ሄድኩ።

«አያ፣ እናቴ ናት። ሳትቀበር አድርሱኝ» አልኳቸው።

ውሃውን ቆመው አዩት። «ዛሬ ማንንም አላሻግርም» አሉ።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አንስተውኝ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ቤታቸው ገቡ። እናቴ ያለ እኔ ተቀበረች። ለቅሶውን ከወንዙ ወዲህ ቆሜ ሰማሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ሦስት አርበኞች ማሻገራቸውን ሰማሁ። ለእኔ የሞላ ወንዝ ለእነሱ ጎደለላቸው ወይ አልኩ።

በገበያ ቀን ማንኩሳ ቅቤ ይዤ ተቀምጫለሁ። የጣሊያን አስተርጓሚ የሆነ ያገራችን ሰው ቅቤ ሊገዛ ጎንበስ አለና የሐዘን ልብሴን አየ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

«እናቴ። ብር ወንዝ ሞልቶ ከልክሎኝ አልቀበርኳትም።»

«የሚያሻግር ሰው የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ» አልኩት። «እሱ የሚዋኘው ለጫካ ሰዎች ነው፤ ለእኔ ብጤ አይደለም።»

አልገረፈኝም፤ አላስፈራራኝም። ስም እንኳ አልጠየቀኝም፤ በዚያ ወንዝ የሚያሻግር አንድ ሰው እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቅቤውን ይዞ ሄደ።

ምን እንዳደረግሁ ወዲያው ገባኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቢሆንም ሮጬ «ሽሹ» ልላቸው እችል ነበር። ግን እንዴት አወቅሽ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ቅቤዬን ሸጬ ጨረስኩ።

በማግስቱ ጣሊያኖች ወሰዷቸው። ቡሬ አስረው ወራት አቆዩዋቸው። ሲመለሱ ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሮ ጠሞ ገጥሟል። ከዚያ ወዲያ ወንዝ አልገቡም።

ከጎረቤት ጋር ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሰዉ ሲወጣ እኔን አስቀሩኝ። አወቁብኝ ብዬ ከበሩ ሳልርቅ ቆምኩ።

«ያን ቀን ወንዙ ከላይ ግንድ እያመጣ ነበር» አሉኝ። «ነፍሰ ጡር መሆንሽን ባለቤቴ ነግራኛለች። ሁለት ነፍስ በእጄ እንዳይጠፋ ሰጋሁ። ሐዘንተኛ ምክንያት አይሰማም ብዬ ዝም አልኩሽ እንጂ፣ በወጉ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ይቅር በይኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ብዬ ወጣሁ። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ የበለጠ አልተናገርኩም።

ዘመን አልፎ የአገሩ መምህራንና ሽማግሌዎች ኋላ በተሠራው ድልድይ አጠገብ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠርተው የወንዙን ታሪክ ሰበሰቡበት። የዓሣ መረቡ፣ የጥንቱ መሻገሪያ ሥዕል፣ የአያ ተገኘ አቁማዳም አለ። ባለፈው ጥር አሥረኛ ዓመቱ ሲከበር ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም ሰው መጣ። ካህናቱ ባረኩ። ኃላፊው መምህር፣ አያ ተገኘ ሰው ሲያሻግሩ በዓይኔ ያየሁ እኔ ብቻ መቅረቴን ተናግረው ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። አዋዋኛቸውን፣ ደግነታቸውን ተናገርኩ። ያኔ አንድ ሰው ከኋላ፣

«እማሆይ፣ ማን ነው የጠቆመባቸው?» አለ።

«ባንዳ ነው» አልኩ።

ተጨበጨበልኝ። ልጃቸው ወይዘሮ የሺ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። «አባቴን አነሱልኝ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሄጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። የሺ እጇን አጣምራ ሰማችኝ።

«ምነው ለእሳቸው በነገሯቸው?» አለችኝ በመጨረሻ። «ይቅር የሚሉት እሳቸው ነበሩ። እኔ የሰውን ክንድ በምን አቅሜ ይቅር እላለሁ?»

ስነሳ ቁልቁለቱ ያዳልጣል ብላ እጄን ይዛ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችም። እኔም አልለመንኳትም።

ከአቁማዳው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ «በባንዳ ጥቆማ ተያዙ» ይላል። መምህሩን ያንን ፍቀውት ስሜን እንዲጽፉበት ጠየቅኋቸው። «በዚህ ዕድሜዎ ምን ያደርግልዎታል?» ብለው እንቢ አሉኝ። ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው። በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ዝቅ አደርጋለሁ።