ሳልቅም የመረቀንኩበት ቀን

ይሄ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን ትዳሬ ሊቀርብኝ ነበር።

ለፍቅረኛዬ ለሰላም ሽማግሌ ልልክ ስዘጋጅ አባቷ ጋሽ ታደሰ፣ መጀመሪያ ልጁን ራሴ ልየው አሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደው ድሬዳዋ አርጅተው ጫት ሲባል አይወዱም፤ ለቃሚ ልጄን አልሰጥም ማለታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ቅጠሏን ቀምሼ አላውቅም፤ ታዲያ ምን ያስፈራኛል?

እሳቸው ዘንድ በምሄድበት ዕለት የዓይን ቀጠሮም ነበረኝ። ሐኪሟ ከዓይኔ ጀርባ፣ ዳር ዳሩ ላይ፣ ቢጫ ነጠብጣቦች ተጠራቅመው አግኝታለች። ለአሁኑ አይጎዱህም፣ ግን ፎቶ እያነሳን እንከታተላቸው አለችኝ። ዳሩ በፎቶው እንዲገባ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረገችልኝና ወደ ላይ እይ፣ ወደ ጎን እይ እያለች አነሳችኝ። ፎቶውን በስልኬ ቀዳሁት። ወረፋው አጓትቶኝ ስወጣ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይዋ ዓይኔን ልታወጣው ደረሰች።

ሳቢያን ሰፈር እነሰላም ቤት የደረስኩት ልክ በበርጫ፣ ጫት በሚቃምበት ሰዓት ነው። ገና ስቀመጥ መጋረጃው ይዘጋልኝ አልኩ። ውሃ ለመንኩ፣ ደገምኩ። ከፍርሃቴ የተነሳ ደግሞ ወሬዬ አላቆም አለ። ጋሽ ታደሰ ዓይኔን ትክ ብለው አዩት። ብሌኔ የኮት ቁልፍ አክሏል።

«መርቅነህ ልጄን ልትጠይቅ መጣህ?» አሉኝ።

ኧረ በማርያም ብዬ ስለ ጠብታው አስረዳሁ፤ ፎቶውንም አሳየሁ። ስልኩን አስጠጉ፣ አራቁ፣ ቢጫዎቹን ነጠብጣቦች በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ጉድ ነው! ጫቱ ዓይኑ ውስጥ ድረስ ዘልቋል» አሉና ለሰላም እናት አሳዩ።

አለቀ። ሽማግሌ እንዳትልክ ተባልኩ። ሰላም አለቀሰች። እኔም በባጃጅ ስመለስ ዕንባዬ አመለጠኝ፤ ሹፌሩ አብሽር እያለ አጽናናኝ።

በሳምንቱ ጋሽ ታደሰ ውሸቴን ሊያጋልጡ ክሊኒኩ ድረስ ሄዱ። ሐኪሟ የሰው ምርመራ አልናገርም፣ ከመጡ አይቀር ግን የእርስዎን ልየው ብላ ያንኑ ጠብታ አደረገችላቸው። ሲወጡ የማኅበር ጓደኞቻቸው በር ላይ አገኟቸው። ዓይናቸውን አይተው፣ ታደሰ በስተርጅና ጀመርክ እንዴ አሏቸው። ቢምሉ ቢገዘቱ ማን ይስማቸው!

ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ና ውሰደኝ» አሉ። «ጥቁር መነጽር ይዘህ ና።»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። በርሬ ሄድኩ። መነጽሩን አጥልቄላቸው በባጃጅ ሳቢያን አደረስኳቸው። ሲወርዱ፣ ሽማግሌዎቹን እሑድ ላካቸው አሉኝ።

ያኔ አንጀቴ አርሮ ነበር፤ አሁን ግን አማቴን እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው። ለክትትሉ ፎቶ የምንሄደው አብረን ነው፤ ጠብታው ለሁለታችንም ይደረግልናል። ስንመለስ ታዲያ በጓሮ በር ነው የምንገባው።