በአባባ ፊት ያልተረጎምኩት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሐሜቴንና ጾም መግደፌን እዘረዝርና እዚህ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልጻፈው። እህቴ ልጅ እንዳትወልድ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ማስተዋል በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም እላታለሁ። ዳባት ታጭታ ሳለች የደም ካንሰር ያዛት። በሽታው በመድኃኒት ሲበርድላት ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ሕንድ ሄድን። የእኔ መቅኔ ከእሷ ጋር ገጠመ። እንግሊዝኛ የምችለውም እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተርጓሚዋ ሆንኩ። አባባም አብረውን ነበሩ። ደባርቅ የሚቀድሱ ቄስ ናቸው።

ከንቅለ ተከላው በፊት ሐኪሙ ሦስታችንን አስቀምጦ ቀስ ብሎ አስረዳ። የሚሰጣት ኃይለኛ መድኃኒት የወር አበባዋን ሊያስቀር፣ መውለድም ሊከለክላት ይችላል አለ። ልጅ የምትፈልግ ከሆነ ሁለት ሳምንት ያህል ታግሰን እንቁላሏን አውጥተን በቅዝቃዜ እናቆይላታለን አለ። ከዳነች በኋላም ድርቀት ሊኖር፣ በግንኙነት ጊዜ ሊያማት እንደሚችል፣ ለዚህም ቅባትና የሆርሞን መድኃኒት እንዳለ ነገረኝ። እንዳታፍር ንገሪያት አለኝ።

ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ገብቶኛል። «እንቁላል» የሚለውን፣ «ግንኙነት» የሚለውን ቃል በአባባ ፊት ማውጣት አቃተኝ።

«ምን ይላሉ?» አሉ አባባ።

«መድኃኒቱ ደሟን ሊያስቀረው ይችላል ነው የሚሉት» አልኩ።

እኛ ሴቶች እርስ በርሳችን የወር አበባን ደም እንለዋለን፤ ትረዳኛለች ብዬ ነበር። እታለም ግን ለወራት ድድዋና አፍንጫዋ ሲደማ የከረመች ናት። ሳቀች።

«ይቅራ። አንቺም ትራሴን ከማጠብ ትገላገያለሽ።»

«እሰየው፤ ይቀጥሉ በያቸው» አሉ አባባ።

እንዳልገባቸው አየሁ። እያየሁ ለሐኪሙ «ተስማምታለች» አልኩት። ማን ነው የተስማማው? «አባባ፣ እስቲ ለአፍታ ውጭ ይቆዩልን» ማለት ይህን ያህል ይከብድ ነበር? ሕክምናው እስኪጀመር ሦስት ቀን ነበረን። ሦስቱንም ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ዳነች። ወደ አገር ተመለስንና አገባች። የወር አበባዋ ለምን እንደቀረ ስትጠይቀኝ «ሰውነትሽ እስኪጠና ነው» አልኳት። ያን ጊዜ አባባ አልነበሩም። ጓዳ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ካገባች አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር በሚባል ቦታ የብሔራዊ ፓርክ ጥበቃ ስካውት ነው፤ ደግ ሰው ነው። ወደ ቤት የሚመጣበት ቀን ሲቃረብ ግን ፊቷ ይለወጣል። አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ ሳታየኝ «ሁልጊዜ ያመኛል። ሌላው ሴት እንዴት ነው የሚችለው?» አለች። እኔ፣ መልሱን የማውቀው፣ ባል እንኳ አግብቼ የማላውቀው፣ «ይለመዳል» አልኳት።

የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ደጅ ቆማ ታስቀድሳለች። አማቷ ይህን ይዘው በሰው ፊት «የኔይቱ እንደ መነኩሲት አንድ ሰንበት ደጅ ቆማ አታውቅም» እያሉ ይነቁሯታል። እታለም ኃጢአቴ ነው ብላ ጸበል ትመላለሳለች። አሁን ደግሞ ባሏ ለፋሲካ ሲመጣ «ሌላ አግባና ውለድ» ልትለው ቆርጣለች። ይህን ስትነግረኝ «አንቺ ባትኖሪ ዛሬ አፈር ነበርኩ» ብላ እጄን ሳመችው። ታላቄ ናት። እጄን አልነጠቅኳትም።

ቃሉ ጠፍቶኝ ነው እንዳልል፣ በሁለት ቋንቋ አውቀዋለሁ። ልጁን አልመልስላትም። ሕመሟ ግን መድኃኒት አለው፤ ጎንደር ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ይረዷታል። ባሏም እውነቱን ቢሰማ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ይህን ለመናገር ግን ያን ቀን የደበቅኩትን መናገር አለብኝ፤ ያንን ፈርቼ ታማ እንድትኖር ፈቅጃለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ በዳያችሁ አይደለሁም። እሷ ደግሞ ይቅር የምትለው ነገር መኖሩን አታውቅም።

ዛሬ ጠዋትም መጥታ ነበር። «እንደምን አደርሽ» አልኳት እንጂ ሌላ አልነገርኳትም።