የሰለሞን ፓምፕ

ጓደኛዬ ሰለሞን ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ የባሕር ዓሣና ኮራል የሚያኖርበት ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነበረው። ሱቁ ቁጭ ብሎ እንኳን ስልኩን እያወጣ ያያቸዋል። «ሚስትህን እንዲህ አይተሃት ታውቃለህ?» እያልኩ እስቅበት ነበር።

ሰለሞን ሞቶ የተቀበረ ዕለት፣ ከመቃብር ተመልሰን እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኗል፤ ሰውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። የገንዳውን ውሃ የሚያዘዋውሩት ፓምፖች ግን ያለማቋረጥ ያንጎራጉራሉ። በሐዘን ቤት ነውር መሰለኝ። ለሟች ክብር ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

በሣልስቱ ስመለስ ኮራሎቹ ነጥተው፣ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል። ለቀስተኛው «እሱን ተከትለው ሄዱ!» እያለ እንደ አዲስ ያለቅሳል። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው የሰለሞን ልጅ ሜሮን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ እኮ መተንፈስ አይችሉም። ዳዲ ፓምፖቹን ግራና ቀኝ ያደረጋቸው ከድንጋዮቹ ኋላ ያለው ውሃ እንኳን እንዳይቆም ብሎ ነው።»

«እንዴ! ታዲያ ማን አጠፋቸው?» አልኳት፤ ሳላፍር።

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። አባቷ ከሱቅ ዓሣዎቹን የሚያይበት ካሜራ የቀረጸው ነው። ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ግራ ቀኙን አይቼ፣ ወደ ሶኬቱ ጎንበስ ስል ይታያል።

አንገቴን ደፋሁ። ሜሮን ስልኳን ኪሷ ከተተችና ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

«ለማሚ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብያታለሁ» አለችኝ።