ከሰማይ የተገኘ ስድስት ሰዓት

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን «ጋሽ ነገ» ይላቸዋል። ሱሪ ሊያሳጥር የሄደ ሁሉ የሚሰማው መልስ ያው አንድ ነው፤ «ነገ ና»። ክፋት የለባቸውም። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ያስቸገራቸው ቀኑ ነው። አንድ ሙሽራ በተዋሰው ኮት ተሞሽሮ፣ ለእሳቸው የሰጠውን ለልጁ ልደት እንደለበሰው እስካሁን ይወራል። እሳቸው ጊዜን የሚለኩት በስፌት ነው፤ ሻይ ለመፍላት አንድ ኪስ ይፈጃል፣ ገበያ ደርሶ መመለስ አንድ እጅጌ።

ታዲያ ባሕር ማዶ ያለችው የመጨረሻ ልጃቸው ልታገባ ሆነና ደወለች። ቬሎዬን ከአባቴ በቀር ማንም አይሰፋውም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ አገሩን ሁሉ ነገ በለው። የእኔ ሠርግ ግን ቅዳሜ ነው» አለቻቸው።

ሐሙስ ሻንጣው ሲዘጋ የቬሎው ጠርዝ አልተዘመዘመም። ከጀርባው የሚደረደሩት ሃያ ሁለት ቁልፎችም ገና ጣሳ ውስጥ ናቸው። ቢያንስ የስምንት ሰዓት ሥራ! አውሮፕላን ላይ እጨርሰዋለሁ ብለው ተጽናኑ። ባለቤታቸው መነጽራቸውን አድርገው ትኬቱን አነበቡ፤ መነሻ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ መድረሻ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

«ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር በአምስት ሰዓት!» አሉ ሴትየዋ። «ምነው ከዚህ አብራሪ ዘንድ ትንሽ በተማርክ።»

ዓርብ ጠዋት ፍተሻው ላይ መቀሳቸውን ተቀበሏቸው፤ መርፌውን ግን ተዉላቸው። ቬሎውን ጉልበታቸው ላይ ሲዘረጉት አጠገባቸው የተቀመጠውን ወፍራም ሰውዬም እስከ ደረቱ አለበሰው። ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ ጠርዙን በሩጫ ዘመዘሙ። ጊዜው አይበቃም ብለው ቁልፉን አንዱን እየተከሉ አንዱን ዘለሉ። ከተነሱ አምስት ሰዓት ሲሞላ የተተከለው አሥራ አንድ ብቻ ነበር። መርፌውን ቬሎው ላይ ሰክተው አስተናጋጇን ልንወርድ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

«ገና ስድስት ሰዓት ይቀረናል፣ አባባ» አለቻቸው። «ትኬቱ ላይ ያለው መድረሻ በዚያ አገር ሰዓት ነው። የእነሱ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።»

በሠላሳ ዓመት ሥራቸው «አትቸኩል» ያላቸው ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። መረቋት። ከዚያ የዘለሏቸውን ቁልፎች ተረጋግተው ሞሉ፤ የተጣመመውን ጠርዝ ሳይቀር ፈትተው መለሱት። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ ይህን አይቶ፣ የላላች የእጅጌ ቁልፉን እንዲያጠብቁለት ቢለምናቸው አፋቸው ለምዶበት «ነገ ና» አሉት። ወዲያው አፈሩና ሰፉለት።

ልጃቸው የአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ ገና ስማ ሳትጨርስ ሻንጣውን ከፈተች። ብዙ ጊዜ እንደተሸወደ ደንበኛ ቁልፎቹን በጣቷ ቆጠረች። ሃያ ሁለት። አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ቆየች። እንዴት እንደሆነ ሲነግሯት ግን ሳቋ መጣ።

«ስትመለስ እኮ ያንን ስድስት ሰዓት ይቀበሉሃል፣ አባዬ።»

«እሱን» አሉ ሻንጣቸውን እየዘጉ፣ «ነገ እናስብበታለን።»