በእናት ፍራሽ የተያዘ ውርርድ

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ የታናሽ ወንድሟን የእስረኛ ሱሪ ጠርዝ በስፒል ትይዛለች። ይህ ወንድሟ ገና ጎረምሳ ሳለ ሰው ወግቶ ታስሮ የወጣ አፈ ቅቤ ነው። የእስር ቤት ታሪኩን አውርቶ ፊልም ሆነለት፤ ራሱም ተወነበት፤ ሰዉም ወደደለት። አሁን ክፍል ሁለት ሊሠራ ነው። እሷን የልብስ ሥራው ላይ ያስገባት እሱ ነው፤ ይህንንም ሳያነሳ አይውልም።

ዳይሬክተሩ የየትዕይንቱን ካርድ ግድግዳ ላይ እየለጠፈ «አንድ የሚያስቅ ነገር ጎደለን» አለ።

«እኔ አለኝ» አለ ወንድሟ። «እናቴን ከፍራሿ አወርዳታለሁ ብዬ እስር ቤት ከክፍሌ ልጆች ጋር በአንድ ፓኮ ሲጋራ ተወራረድኩ። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ምንም አልለመንኳትም። ‹እማ፣ ሲሚንቶው ወገቤን ጨረሰው፤ ግን አንቺ ተመችቶሽ ተኝተሻል ብዬ ሳስብ ቀለል ይለኛል› አልኳት። በቃ! በሳምንቱ መጥታ ‹ልጄ መሬት ተኝቶ እኔ ፍራሽ ላይ አልተኛም› አትለኝ መሰለህ!»

«አንተ ሰይጣን!» ዳይሬክተሩ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ካርዱን ጽፎ ለጠፈ።

ልብስ ሰፊዋ ደም ሥሯ ተገተረ። እናታቸው ልጇ እስኪፈታ ድረስ ባዶ ወለል ላይ ነው የተኛችው፤ ተይ ብትባል አሻፈረኝ ብላ። ዛሬ ዳሌዋ አልታዘዝ ብሏት በየጠዋቱ እያሸች የምታስነሳት ይህችው ልጇ ናት። ክፍል አንድ ሲታይ ከፊት ተቀምጣ «ልጄ እኮ ነው» ስትል ያመሸች ሴት፣ አሁን ሕመሟ የሲጋራ ውርርድ እንደነበር ከተመልካች ሳቅ ልትሰማ ነው።

«ይቺን ትዕይንት አትሠሯትም» አለች ተነሥታ።

«እታለም፣ ልጅነት ነው እኮ።» የወንድሟ ዓይን ወዲያው እንባ ሞላ። «እኔን የማይቆጨኝ ይመስልሻል?»

«ይቺን እንባ ያዝልኝ!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «ለካሜራ ትሆነናለች!»

«አንተ ዝም በል! የአንተ እናት ብትሆን ትስቅ ነበር?»

«እሺ፣ እናትየዋን አክስት እናደርጋታለን።»

«የታመመው የአክስቴ ዳሌ አይደለም!» ካርዱን ከግድግዳው ገንጥላ ቦጫጨቀችው።

ወንድሟ ጠጋ አለ። እንባው ደርቋል። «ለእማ አትነግሪያትም መቼም፤ ትሞትብናለች። እዚሁ በእኔና በአንቺ መሀል ይቅር፤ አይደል እታለም?»

እናታቸውን ባታለለበት አፍ እሷንም ወለል ላይ ሊያስተኛት መሆኑ ገባት።

«እኔ አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ» ብላ ክንዱን ጨመደደችው።

«በዚህ ልብስ?»

«በዚሁ ልብስ!»

«ኧረ ልብሱ የእኛ ነው!» ይላል ዳይሬክተሩ ከኋላ።

መንገዱን ሙሉ ለመናት፣ ቀለደባት፣ ሆዴን ቆረጠኝ አላት። ክንዱን አልለቀቀችም። ቤት ደርሳ በሩን ስትከፍት እናታቸው «ማነው?» እያለች ከተቀመጠችበት ለመነሳት ትታገላለች። ልጅየው ፊቱን አኮማተረ፤ ዓይኑ እንደገና ሊሞላ ነው። እህቱ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው።

«ሳታለቅስ» አለችው። «ሳታለቅስ ንገራት።»