አቧራው የተኛበት ሳምንት

ልጄ ሐቢባ መጀመሪያ ያስነጠሰችው ሱቄ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ለእረፍት ከኮሌጅ መጥታ ጨርቅ ታጣጥፍልኝ ነበር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ያለማቋረጥ። ዓይኗን ስታሸው ቀላ። «አቧራ ነው» አልኳት። ሞያሌ ላይ ለሁሉም ነገር መልሱ አቧራ ነው። በኬንያ በኩል ባለው ማንያታ ሰፈር ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ስለ አቧራ ማንም አያስተምረኝም ብዬ ነበር የማስበው።

አስም እንዳለባት ሐኪም ከነገረን ዓመት አልፎ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት በአፏ የምትስበውን ሰማያዊ ሳልቡታሞል ኢንሄለር የሰጣትም ያኔ ነው። እኔ ግን የበሽታውን ስም መጥራት እንኳ አልወድም ነበር። ጎረቤት ሰምቶ «ደረቷ ደካማ ነው» እንዳይላት እፈራለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ታዲያ የኮሌጅ ጓደኞቿ ወደ ደቡብ ወርደው ጣና ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ ሊቀዝፉ ተነሡ። ጣና ስላችሁ ሐይቁ እንዳይመስላችሁ፤ የእኛው የኬንያ ወንዝ ነው። ራፍቲንግ ይሉታል። ውሃ በጄሪካን በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት አገር ያደገች ልጅ ማዕበል ላይ ልትዘል! «አብደሻል እንዴ?» አልኳት። ለመነችኝ። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በመጨረሻ እሺ አልኩ፤ ግን አብሬ እሄዳለሁ፣ ቀኑንም የምመርጠው እኔ ነኝ ብዬ።

እንደ አዋቂ አሰብኩ። ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይሞላል፣ አይሆንም። በደረቁ ወቅት አቧራው ያስላታል፣ እሱም አይሆንም። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አቧራው በተኛበት በሁለተኛው ሳምንት ይሁን አልኩ። ጀልባ ለሚነዳው አስጎብኚ ደውዬ «ውሃው ጎድሏል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። ጎድሏል አለኝ። ስለ አበባ ግን አልጠየቅኩም። እንደሚጠየቅም አላውቅም ነበር።

የጎልቦን ሜዳ ስናልፍ ግራሩ ሁሉ አብቧል። ግመል የሚግጠው አጥቶ በከረመበት መሬት ሳሩ ጉልበት ደርሷል። ደስ ብሎኝ «መስኮቱን ክፈቱት፣ አገር ይሽተተን!» አልኩ። ወላሂ ይህን ያልኩት እኔው ነኝ። ሐቢባ እስከ ማርሳቢት ከተማ ስታስነጥስ ሄደች፤ እኔም የመንገዱ ድካም ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ዳር ነፋስ ነበር። የሚያንሳፍፈውን ጃኬት እኔው አጠበቅኩላት፣ ሄልሜቷንም አሰርኩ። ከዚያ ኢንሄለሩን ከኪሷ አወጣሁ። «ውሃ ይነካዋል፣ እኔ ጋ ይቀመጥ» አልኳት። እኛ ቤት መድኃኒትና ስኳር ከእርጥበት ተጠብቀው ነው የሚቀመጡት፤ ሌላ ነገር አልታየኝም። እሷ ጀልባው ላይ ወጣች። እኔ መድኃኒቱን በቦርሳዬ ይዤ፣ ጀልባው ወደሚያርፍበት ቦታ በመኪና ወረድኩ።

ጀልባው መጣ።

ልጄ አትቀዝፍም። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጠራኋት። አልመለሰችም። መናገር አልቻለችም። ኢንሄለሩን አፏ ላይ ያዝኩ። ተጫንኩት። አንድ። ሁለት። ለውጥ የለም። አስጎብኚው ቀጥ አድርጎ አስቀመጣት። «ደጋግመሽ ስጫት፣ መኪናው ውስጥም አታቋርጪ» አለኝ። አላቋረጥኩም። ያ ረቢ፣ የእኔን ትንፋሽ ውሰድና ለእሷ ስጣት እያልኩ።

ሆስፒታል ኦክሲጅን አደረጉላት። መድኃኒቱን እንደ ጉም የሚያስተነፍስ ኔቡላይዘር። በደም ሥር ስቴሮይድ። ደረቷን ያዳመጠችው ሐኪም ቆይታ ወደ እኔ መጣች።

«ማማ፣ ልጅዎን ያጠቃት ውሃው አይደለም። የአበባ ዱቄት ነው፤ ከዝናብ በኋላ ሳርና ዛፍ ሲያብብ አየሩን ይሞላዋል። አለርጂዋ ያን ጊዜ ነው የሚነሣው፣ አስሟንም ይቀሰቅሰዋል። መድኃኒቷ የት ነበር?»

«ቦርሳዬ ውስጥ» አልኩ።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐቢባ በሦስተኛው ቀን ተቀምጣ ሻይ ጠጣች፣ በአራተኛው ቀን ጸጉሬን አላሠራሽልኝም ብላ ተነጫነጨች፤ ያን ንጭንጭ ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ሞያሌ ስንመለስ ክትትሏን የያዘው ሐኪም በየቀኑ የምትስበው የመከላከያ ኢንሄለር አዘዘላት፣ ሲያሳክካትና ሲያስነጥሳት የምትወስደውን ሴትሪዚን ጨመረ፣ ከዚያም ሳሏ የሚብሰው መቼ እንደሆነ እንድንመዘግብ ነገረን። ሱቄ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ዝናብ የጣለበትን ቀን በሰማያዊ፣ ያስነጠሰችበትን በቀይ እያሰመርኩ ዓመቱን ጨረስኩ። ቀዩ የተሰበሰበው አቧራ ባለበት ወር አልነበረም። ሰማያዊውን ተከትሎ፣ ልክ እኔ በመረጥኩት ሳምንት ላይ ነበር።

እንደ እኔ ልጅ ያላችሁ፣ ስለ ወንዙ ሙላት ብቻ አትጠይቁ፤ ዳሩ ላይ ምን እንዳበበም ጠይቁ። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ስለጠራ አትታለሉ፣ ወንዙ የሚነሣበት አገር ዘንቦ እንደሆነ አጣሩ። የመከላከያውን መድኃኒት ደህና ሆነች ብላችሁ አታቋርጡ። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ ትንፋሽ ያጠራት ቀን ደግሞ ጉዞው ይቅር። ሰማያዊው ኢንሄለር ውሃ በማያስገባ ከረጢት ከታማሚው አካል ጋር ይሁን፤ ሌላ አንድ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ጀልባውን ለሚነዳው ሰው አስም እንዳለ ሳታፍሩ ንገሩት። እኔን ያቃጠለኝ ሐፍረቴ ነው።

ያን ቀን ቀጥ አድርጎ ያስቀመጣትን አስጎብኚ፣ ያልተቆጣችኝን ሐኪም አላህ ይስጥልኝ። ስማቸውን በዱዓዬ አልረሳም።

ባለፈው ወር ጓደኞቿ እንደገና ጠሯት። ሐኪሙ ደረቷን አይቶ ፈቀደ። እሷም ካላንደሩ ፊት አቆመችኝ።

«እማ፣ ቀኑን አንቺ ምረጪልኝ።»

«እኔ? ያኔ የመረጥኩልሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ለዚህ ነው አንቺን የምጠይቅሽ።»

እስክሪብቶውን ይዤ ሰማያዊውንና ቀዩን መስመር በጣቴ ተከተልኩ። ሳሩ ደርቆ አበባው የረገፈበትን፣ የሚቀጥለው ዝናብ ገና ያልቀረበበትን ቀን አከበብኩ።

ይህን የምጽፈው እዚያው ወንዝ ዳር ተቀምጬ ነው። መድኃኒቷ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ጃኬቷ ላይ ታስሯል። ጀልባው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው፣ አይታየኝም። ድምጿ ግን ይሰማኛል፤ ማዕበሉ ባነሣት ቁጥር ትጮኻለች። አልሐምዱሊላህ፣ ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ አላት።