ተራ የያዙ ድንጋዮች

ሽማግሌው ገብተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እኔና የአክስቴ ልጅ አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠን እየተጨቃጨቅን ነበር። ቀና ብለን እንኳን አላየናቸውም። እሳቸው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሰላምታቸውን ጀመሩ። «አካም ጅርቱ? ነጋያ? ኢጆሌን ነጋያ? ሎን ነጋያ?» ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቶቹ ደህና ናቸው? ማለታቸው ነው። ልጅም ከብትም የለንም። «ነጋያ፣ ነጋያ» ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

«ከዲክሲስ ነው የመጣሁት» አሉ። «ስንዴዬ ደርሷል። ኮምባይነር ልያዝ ብዬ ወኪሏ ጋ ብሄድ ስልኳ ላይ አንድ ክብ ነገር ይሽከረከራል። ትናንትም ሲሽከረከር ዋለ። የሚያሽከረክሩት አሰላ ናቸው ስትለኝ መጣሁ።»

«እኛ አናሽከረክርም፣ አባባ» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ታዲያ ማን ነው?»

እኛም ከትናንት ጀምሮ የምንፈልገው እሱን ነበር።

ቢሯችን ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ያለች ክፍል ናት። የአክስቴ ልጅ ሶፍትዌር በዩኒቨርሲቲ ተምሮ የመጣ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ከሱ ጎን ተቀምጬ እያበላሸሁ ኮድ መጻፍ የለመድኩ ነኝ። ሁለታችን የሠራነው ድረ ገጽ ገበሬው የኮምባይነር ተራ የሚይዝበት ነው። በየከተማው ወኪሎች አሉን፤ ብዙዎቹ ባለ ሱቆች ናቸው። ገበሬው ይመጣል፣ ወኪሉ ስልኩ ላይ «ጀምር» የሚለውን ይጫናል፣ የማሳውን ቦታና ስፋት ይሞላል፣ «አስገባ» ይላል፣ አለቀ። ደላላ የለም፣ መለመን የለም።

ያን ቀን ግን የሚያልቅ ነገር ጠፋ። ኮምባይነሮቹ ኦጎልቾን አጭደው ጨርሰዋል። ቆላው ቀድሞ ስለሚደርስ ከታች ጀምረው ነው ወደ ደጋው፣ ወደ ዲክሲስ የሚወጡት። የባለቤቶቹ ተጠሪ ቁርጡን ነግሮናል፦ እስከ ቀትር የዲክሲስ ተራ ተሞልቶ ከደረሰው ይወጣሉ፣ ካልደረሰው በአቦምሳ በኩል ያለ ደላላ እየጠራው ነው፣ ወደዚያ ያዞራቸዋል። በመስኮቱ የጭላሎ ተራራ አናት ላይ ደመና ሲከማች ይታየኛል። በኅዳር ዝናብ! የደረሰ ስንዴ ላይ ዝናብ ከወረደ እዚያው ዛላው ላይ ይጠቁራል፣ ይበቅላል። ሽማግሌውም ከመስኮቱ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እናውቃለን፤ ለምን እንደሆነ ነው ያላወቅነው። ከድረ ገጹ ወደ ዳታቤዙ፣ ተራው ሁሉ ተመዝግቦ ወደሚቀመጥበት የሚወስደው መስመር ኮኔክሽን ይባላል። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መክፈት ሰርቨሩን ስለሚያደክመው፣ ጥቂቶቹን ቀድመን ከፍተን አንድ ላይ እናስቀምጣለን፤ ፑል የምንለው እሱን ነው። የፈለገ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ከታች ያሉት ጎሚስታዎች በክሪካቸው እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ክሪኩ ጥቂት፣ መኪናው ብዙ፤ ግን አንዱ ጎማውን አስቀይሮ ሲወርድ ሌላው ይነሳል። አንድ ሹፌር መኪናውን ክሪክ ላይ አሰቅሎ ሻይ ሊጠጣ ከሄደ ግን ጉድ ነው። እኛ ጋ ክሪኩ በሙሉ ተይዟል። ሹፌሮቹ የሉም።

የአክስቴ ልጅ የፑሉን ቁጥር ከፍ አደረገው። ለትንሽ ጊዜ ተነፈስን። ከዚያ አዲሶቹም ተያዙና ጭራሽ ዳታቤዙ ራሱ መንፈራገጥ ጀመረ። ርካሽ ሰርቨር ነው የተከራየነው፤ ያን ሁሉ አይሸከምም። መልሶ ቀነሰው።

«ሪስታርት ላድርገው፣ ይገላግለናል» አለ።

«ካደረግከው በጅምር ላይ ያለው ተራ ሁሉ ይጠፋል።»

«ይጥፋ! እንደገና ይያዙ።»

«ማን ቀድሞ ነበር ሲባልስ? አንተ እዚህ ፎቅ ላይ ነህ። የሚደበደቡት ወኪሎቹ ናቸው።»

እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ባለፈው ዓመት ሁለት ወኪሎች አንዱን ኮምባይነር ለሁለት ሰው ሰጥተው፣ ሰዎቹ በዱላ ተፈላልገው ነበር። ለዚያ ብለን ነበር «ጀምር» ሲባል ተራውም መስመሩም «አስገባ» እስኪባል ድረስ ተይዞ እንዲቆይ ያደረግነው። የትኛው ወኪል መቼ «ጀምር» እንዳለ ሎጉ ላይ፣ ድረ ገጹ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ በሚመዘግብበት ፋይል ላይ ይታያል። ለማን እንደሆነ ግን አይታይም። ስለዚህ መደወል ነው።

መጀመሪያ የደወልኩት ለዲክሲሷ ወኪል ነው። ሱቅ ያላቸው፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው።

«ጀምር ብለው የተዉት አለ። ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ደህና አደርሽ ማለት ቀረ እንዴ?»

«ቸኩያለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሩጪ» ብለው ዘጉብኝ።

ሽማግሌው ሳቁ። ከገቡ የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። «ስልኩን ወዲህ በይ፣ ኢንታለ ኮ፣ ልጄ። አንቺ ሰው ቤት በመስኮት ነው የምትገቢው።»

ደወሉ። በኦሮምኛ ልጆቹን ጠየቁ፣ ከብቶቹን ጠየቁ፣ አንዲት የታመመች ጥጃ ነበረች፣ እሷንም ጠየቁ። ከዚያ የሴትየዋ ተራ ደረሰና እሳቸው ደግሞ እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔ ጥፍሬን እየነከስኩ ደመናውን አያለሁ። የአክስቴ ልጅ በጣቱ ሰዓቱን ያሳየኛል፤ እኔ ያሰናከልኩት ይመስል። በመጨረሻ ጥያቄው ተጠየቀና ሽማግሌው ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አደረጉ። «አንዱ ለወንድሟ፣ አንዱ ለዋርሳዋ፣ አንዱ ለጎረቤቷ ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን አይሞሉም? ሰዎቹ አጠገባቸው አይደሉም?»

«የሉም። ተራ ይዛላቸው ነው። ሲመጡ ይሞላሉ።»

«የሉም?!» ጮህኩ። «አየህ? ማዳበሪያ ሲታደል እንደሚደረገው እኮ ነው! ገና ሳይነጋ ድንጋያቸውን ሰልፉ ላይ ይደረድሩና ወደ ቤታቸው ሄደው ቁርሳቸውን—» አፌ ላይ ቀረ።

«ቁርሳቸውን ምን?» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ድንጋይ የሚቀመጠው ሰውየው እንዲሄድ ነው» አልኩ። «እኛ ድንጋዩንም አስቀመጥን፣ ሰውየውንም አጠገቡ አቆምነው። ተራው ዳታቤዝ ላይ ይጻፍና ይቀመጥ። መስመሩ ግን እዚያው ይመለስ። ሰውየው ሲመጣ ሌላ መስመር ይወስዳል።»

ወንበሩን ሳብ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። ጎበዝ እንኳን አላለኝም፤ ጊዜም አልነበረም።

ሽማግሌው ለቀሩት ወኪሎች አንድ በአንድ ደወሉላቸው። ሁሉም ጋ ልጆች ነበሩ፣ ሁሉም ጋ ከብቶች ነበሩ። ሁሉም ጋ ድንጋይ ነበር። አንዱ ወኪልማ ሠርግ ለሄደ ሰው ተራ ይዟል። እኔ እየሰማሁ ስሞቹን በሎጉ ቅደም ተከተል እጽፋለሁ። በመሀል የባለቤቶቹ ተጠሪ ደወለ። «መጣ?» «እየመጣ ነው።» «ሹፌሮቹ ሞተር አስነስተዋል።» «አጥፉ በላቸው» ብዬ ዘጋሁበት።

ዝርዝሩ ሲያልቅ አየሁት። ሽማግሌው የሉበትም። ወኪሏ ለእሳቸው «ጀምር» ልትል ስትል ነው ክቡ መሽከርከር የጀመረው። ሊገቡ የሚችሉት ከሁሉም በታች ነው።

«አባባ፣ የሌለ ሰው ድንጋይ አንስተን እንጥላለን። እርስዎ እዚህ ተቀምጠዋል። ከነዚያ ከሦስቱ በፊት ላስገባዎ» አልኳቸው።

«ድንጋይ አይነሳም።»

«ሰዎቹ እኮ የሉም!»

«ድንጋያቸው አለ።»

«ስንዴዎ ይበሰብሳል!»

«ስንዴው የኔ ነው» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ማታ ስመለስ ከነሱ ጋር ነው የምኖረው። ካንቺ ጋር አይደለም።»

የአክስቴ ልጅ «ዝግጁ ነው፣ ልንካው?» አለ። «ንካው።» ሪስታርት አደረገው። ገጹ ባዶውን ቆመ። ከዚያ ተከፈተ። ስሞቹን እየጠራሁለት ከላይ እስከ ታች አስገባቸው፤ ሽማግሌውንም መጨረሻ ላይ። ፑሉን የሚያሳየውን መስኮት እያየን ነበር፦ አንድ መስመር ይያዛል፣ ይመለሳል፤ ይያዛል፣ ይመለሳል። ዝርዝሩ ለተጠሪው ደረሰው። «ወጡ» ብሎ ደወለ። የአክስቴ ልጅ እጁን ዘረጋልኝ፤ መታሁለት፤ ደስ ግን አላለኝም። ሽማግሌው ዱላቸውን አንስተው ለመኪናው እንዳይረፍድባቸው ወጡ።

እኔ ነገር ሲንጠለጠል አልወድም። በሦስተኛው ቀን ተራቸው እንደሚደርስ ስላወቅኩ ሚኒባስ ይዤ ዲክሲስ ወጣሁ። ስደርስ ኮምባይነሩ ገና የወኪሏ ወንድም ማሳ ዳር ቆሟል። ሰውየው ድንበሩን ሊያሳይ አርፍዶ መጥቶ ነው። የሽማግሌው ማሳ ውስጥ የገባው ከቀትር በኋላ ነበር። የታችኛውን በኩል እየላጨ ሄደ፣ ዞሮ መጣ፣ እህሉን ሸራ ላይ ዘረገፈ፣ ወደ ላይኛው ፊቱን ሲያዞር ጠብታው ወረደ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ የምር። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ማሽኗ እርጥብ አልበላም ትላለች» አለ ከላይ ሆኖ።

ላይኛው ግማሽ እንደቆመ ቀረ። ዝናቡ ሲመታው ዘንበል ይላል። ሽማግሌው ሸራው ጋ ሮጠው እህሉን ኬሻ ውስጥ መክተት ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«አባባ፣ ድንጋዮቹን አንስተን ቢሆን እኮ አሁን ጨርሰው ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አፉን ያዥልኝ።»

የኬሻውን አፍ ከፍቼ ያዝኩላቸው። እየተናደድኩ ነው የያዝኩት።